በሌሊት መንጋ ለሚጠብቅ ሰው፦ የዲጂታል ሌሊት ማያ መነጽር በቴክሳስ ግጦሽ ላይ

ፍየልና በግ የሚያረቡ የአገሬ ልጆች ጠመንጃ ላይ ስለሚታሰረው ስለዚህ የሌሊት ማያ መነጽር ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የማውቀውን አንድ ጊዜ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ዋጋውንም ያወጣል። ሻጮቹ ግን የሚያሞግሱት በርቀቱ ነው። እኔ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው፤ ዓይን ቢወጉ በማይታይ ጨለማ ውስጥ የቆመው እንስሳ ምን እንደሆነ ለይቼ እንዳውቅ ያደርገኛል። ጠመንጃ በእጁ ለያዘ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

እኔና ባለቤቴ ከዳላስ በስተምሥራቅ፣ ካፍማን ካውንቲ ውስጥ፣ ሃያ ኤከር ገደማ መሬት ላይ ፍየልና በግ እናረባለን። አፈሩ እንደ አገራችን ዋልካ ጥቁርና ሲዘንብ የሚይዝ ነው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ጋርላንድና ሪቻርድሰን ያሉ ሐበሾች ናቸው፤ ለገና፣ ለፋሲካና ለአረፋ ይመጣሉ። ባለቤቴ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ሌሊቱ የእኔ ነው። መንዝ ውስጥ በግ ስጠብቅ ነው ያደግሁት፤ ቀበሮና ጅብ ምን እንደሚያደርጉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እዚህ ያለው ጠላት ግን ካዮቲ ነው።

ለማያውቀው ልንገረው። ካዮቲ ቀጭን፣ ረጅም እግር ያለው፣ ከቀበሮ ተለቅ የሚል የዱር እንስሳ ነው፤ ክብደቱ እዚህ አካባቢ ከ11 እስከ 18 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በየካቲት አካባቢ ይጠቃል፣ በሚያዝያና በግንቦት ይወልዳል፤ ቡችሎቹን የሚመግብበት ጊዜ ደግሞ የእኛ ግልገሎች ሜዳ ላይ ከሚቦርቁበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ሲገድል ጉሮሮ ይይዛል፣ ከመንጋጋ ሥር ባለው ቦታ። የሞተ ግልገል ሲገኝ የአንገቱን ቆዳ ገፍፎ ማየት ያስፈልጋል፤ ከሥሩ የጥርስ ቀዳዳና የረጋ ደም ካለ ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ካዮቲ ነው። ጆሮው፣ ጭኑና ጎኑ ያለ ሥርዓት ተዘነጣጥሎ ከተገኘ ደግሞ ውሻ ይጠረጠራል። ቆዳው ሥር ምንም ደም ከሌለ ግልገሉ በራሱ ሞቶ ከዚያ በኋላ ነው የተበላው፤ ያኔ ካዮቲን መክሰስ አይገባም።

መነጽሩን እንድንገዛ ያስገደደን በየካቲት 2013 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆቹ 2021፣ ቴክሳስን የመታው በረዶ ነው። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ አጥራችንም አብሮ ሞተ። ፍየሎቹ በዚያ ብርድ ይወልዳሉ፤ ወንዙ ዳር ካዮቲዎች ሲጮሁ ይሰማል፤ በእጄ ያለው የእጅ ባትሪ ብቻ ነበር። የእጅ ባትሪ ሲበራ ካዮቲ ይሸሻል፣ ሲጠፋ ይመለሳል። በዚያ ሰሞን የጠፉት ግልገሎች ዋጋ ከመነጽሩ ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል።

የገዛነው መነጽር ከ600 ዶላር ትንሽ ዝቅ ይላል። ገበያው ላይ ኤቲኤን፣ ሳይትማርክ፣ ፑልሳርና ሌሎችም ኩባንያዎች ይህን ዓይነት ዕቃ ያቀርባሉ። የእኔን በስም ያልጠራሁት የምናገረው ደግ ነገርም ሆነ ጉድለት ለአንድ ኩባንያ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ለዓይነቱ በሙሉ የሚሠራ በመሆኑ ነው።

ከመግዛት በፊት አሠራሩን መረዳት ይጠቅማል። ቀድሞ ወታደር ይይዘው የነበረው የሌሊት መነጽር ከጨረቃና ከከዋክብት የሚመጣውን ጥቂት ብርሃን በልዩ ቱቦ ውስጥ አጉልቶ ያሳያል፤ ውድ ነው፣ ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበትም ይጎዳል። ዲጂታሉ ካሜራ ነው። ፊት ለፊት ሌንስ አለው፣ ከኋላው በስልካችን ካሜራ ውስጥ ያለውን የመሰለ ሴንሰር፣ ዓይናችን ጋ ደግሞ ትንሽ ስክሪን። ሴንሰሩ የሰው ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን ያያል። ስለዚህ መነጽሩ ላይ የሚታሰር የኢንፍራሬድ መብራት አለ፤ ሜዳውን ለእኛ በማይታይ ብርሃን ያጥለቀልቀዋል፣ ሴንሰሩም ያንን ብርሃን ይይዛል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። በቀን ደግሞ በቀለም ያሳያል፤ የቀን ብርሃንም አይጎዳውም። አነጣጥሮ ማስተካከሉን በቀን ብርሃን መሥራት መቻሉ ለእኔ ትልቅ ምቾት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ መነጽሩ የሚያየው መብራቱ የሚደርስበትን ያህል ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ርቀት መልካም አየርና ግልጥ ሜዳ ታስቦ የተጻፈ ነው። እኔ ጋ፣ አብሮት በመጣው መብራት፣ እስከ መቶ ሜትር ያለው እንስሳ ጆሮውና አፍንጫው ሳይቀር ይለያል። ከዚያ አልፎ እንስሳ መኖሩ እንጂ ዓይነቱ አይታወቅም። ተጨማሪ የኢንፍራሬድ መብራት ለብቻው ገዝቼ ካሰርሁበት በኋላ ወደ መቶ ሃምሳ ሜትር ደርሷል። የብርሃኑን ክብ ማጥበብና ማስፋት የሚቻልበትን ዓይነት ምረጡ። ሰፊው ክብ በረቱን በሙሉ ያሳያል፣ ጠባቡ ዛፎቹ ሥር ድረስ ይሄዳል።

ስለ መብራቱ ዓይነትም ልጨምር። ዓይነቱ የሚለየው በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው። 850 ናኖሜትር የሚባለው ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ከፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። 940 ናኖሜትር የሚባለው ጭራሽ አይታይም፤ ሴንሰሩ ግን ለእሱ ያለው ስሜት ደካማ ስለሆነ ርቀቱ ያጥራል። እኔ የምጠቀመው 850ውን ነው። ካዮቲዎቹ አንዳንዴ ቀና ብለው ወደ መብራቱ ያያሉ፣ ከዚያ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። በረቱ ትንሽ፣ ርቀቱ ከስልሳ ሜትር የማይበልጥ ሰው ግን 940ውን ቢይዝ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጨረቃ ባልነበረበት አንድ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጠባቂ ውሻችን በምሥራቁ አጥር በኩል መጮህ ጀመረ። ወጥቼ ጠመንጃው በሦስት እግር ማስደገፊያው ላይ እንዳለ፣ ጥይት ሳይጎርስ፣ መነጽሩን አበራሁት። ከአጥሩ ወዲህ ሁለት ዓይኖች ያበራሉ። ዓይን ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የፍየል፣ የአጋዘን፣ የውሻና የካዮቲ ዓይን ሁሉ ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል። የአሳማ ዓይን ግን እንደ እነርሱ አያበራም። ቁመቱ የካዮቲ ቁመት ነው፤ ጆሮው ቀጥ ብሏል። አነጣጥሬ ቆየሁ። እንስሳው መሬቱን አሽትቶ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ጉሮሮው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ታየኝ፤ ከመስመሩ በታች የተንጠለጠለች ትንሽ ነገር ብልጭ አለች። የአንገት ማሰሪያና የስም ሳህን ነበረች። የጎረቤታችን ልጅ ውሻ አምልጦ መጥቶ ነው።

የቴክሳስ ሕግ ከብት ያጠቃ፣ ሊያጠቃ የደረሰ ወይም በቅርቡ ያጠቃ ውሻን ወይም ካዮቲን መግደል ይፈቅዳል። ያ ውሻ ግን ያሸተተው መሬት ብቻ ነበር፤ ባለቤቱም አውቶቡስ ስትጠብቅ በየማለዳው የምናያት ልጅ ናት። በዚያ ሌሊት ያየሁት ያንን ነጭ መስመር ባይሆን ኖሮ ጠዋት ከአባቷ ፊት ምን ብዬ እንደምቆም አላውቅም። ይህን ዕቃ ሳመሰግን የማመሰግነው ለዚያች ብልጭታ ነው።

ሙቀት የሚያየው ቴርማል የሚባለው መነጽር ይህን እንዲህ አጥርቶ አያሳይም። ጎረቤታችን አንድ አለው፤ በጎ ሰው ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን አይተናቸዋል። ቴርማሉ ምንም መብራት አይፈልግም፤ ከእንስሳው ገላ የሚወጣውን ሙቀት ይይዛል። ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ያለች ጥንቸል እንኳ ነጭ ነጥብ ሆና ትወጣለች። ለመፈለግ አቻ የለውም። በእሱ ስክሪን ላይ ግን የጠጉር ቀለም የሚባል ነገር የለም፣ ማሰሪያና የጆሮ ቁጥርም በቀላሉ አይለዩም፤ የሚታየው የሙቀት ቅርጽ ነው። መጠነኛ ዋጋ ባለው ቴርማል ከመቶ ሜትር ውጭ ያለ መካከለኛ ውሻ ከካዮቲ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ዋጋውም ለደህናው ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ይሄዳል። ገንዘቡ ያለው ሰው በእጅ የሚያዝ ቴርማል ለፍለጋ፣ ጠመንጃው ላይ ደግሞ ዲጂታሉን ቢያደርግ የተሟላ ነው።

ስለ ፍለጋ ካነሣሁ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ጠመንጃ ላይ በታሰረ መነጽር ሜዳውን አትቃኙ። መነጽሩ ያየበት ቦታ ሁሉ አፈሙዙ የዞረበት ቦታ ነው፤ ፍየሉም፣ ጠባቂ ውሻውም፣ የጎረቤት መስኮትም በዚያ መስመር ላይ ያልፋሉ። ለቅኝት ሌላ ነገር ያዙ፤ ርካሽ የእጅ ዲጂታል መነጽር ይበቃል። ከእንስሳው ኋላ ምን እንዳለም በቀን ብርሃን ዞራችሁ እወቁ። ስክሪኑ ላይ ከእንስሳው ኋላ ያለው ነገር ብርሃኑ ካልደረሰበት ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ጥቁር የሆነ ሁሉ ግን ባዶ ቦታ አይደለም። እኔ ሁለት የምተኩስባቸው አቅጣጫዎች ብቻ አሉኝ፤ ሁለቱም ወደ ኩሬው ግድብ አፈር የሚያዩ ናቸው። በሌላ አቅጣጫ የመጣን ካዮቲ በጩኸትና በመብራት አባርረዋለሁ።

ካዮቲን ከውሻ ለመለየት ስክሪኑ ላይ የምፈልገው ይህንን ነው። ጆሮው ለራሱ የሚበዛ ትልቅና ሹል ነው፤ አፍንጫው ቀጭን ነው፤ ሲሮጥ ጅራቱን ከጀርባው በታች አድርጎ ይይዛል። ውሻ ሲሮጥ ጅራቱን ብዙ ጊዜ ከፍ ያደርጋል። አረማመዱም የተለየ ነው፤ ካዮቲ እየቆመ፣ እያሸተተ፣ አጥር አጥሩን ይዞ ይመጣል። ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ካላየሁ እጄን አላነሣም።

ጉድለቱን ልዘርዝር። የመጀመሪያው ጉም ነው። በመከር ሌሊት ከኩሬው ላይ እንፋሎት ሲነሣ የራሱ የኢንፍራሬድ መብራት ከጉሙ ላይ ተንጸባርቆ ይመለስና ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ይሆናል። ረጅም ሣር፣ አቧራና ጥቅጥቅ ያለ ዝናብም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከፊት ለፊት ያለች አንዲት የሣር ዘንግ ብርሃኑን ሁሉ ለራሷ ወስዳ ከኋላዋ ያለውን ታጨልማለች። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሳይሆን ከጭነት መኪናችን ጀርባ ላይ፣ ከፍ ብዬ ነው የማየው። መብራቱንም ከመነጽሩ ጎን ትንሽ ራቅ አድርጎ ማሰር ብዙ ይረዳል።

ሁለተኛው የባትሪ ድንጋይ ነው። የእኔው አራት ተራ የባትሪ ድንጋይ ይወስዳል፤ መብራቱ በሙሉ ኃይሉ ከበራ ጥቂት ሰዓት ብቻ ይቆያሉ። ብርድ ሲሆን ተራው ድንጋይ ፈጥኖ ይደክማል፤ ሊቲየም የሆነውን መግዛት ወይም ስልክ የምንሞላበትን ዓይነት ትንሽ ማጠራቀሚያ በገመድ ማያያዝ ይሻላል። አጥፍቶ ማብራትም መፍትሔ አይሆንም፤ ሲበራ ጥቂት ሰከንድ ያስጠብቃል፤ ካዮቲ ደግሞ በዚያች ጊዜ አጥር ያልፋል።

ሦስተኛው አጉልቶ ማሳየቱ ነው። ሳጥኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ታያላችሁ። ከመነሻው በላይ ያለው ማጉላት ፎቶግራፍን ስልክ ላይ በጣት እንደ መለጠጥ ነው፤ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም። እኔ ከመነሻው ብዙም አልወጣም። ስክሪኑንም ብርሃኑን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ያለበለዚያ ዓይናችሁን ከእሱ ስታነሡ በዙሪያችሁ ያለው ጨለማ ድርብ ይሆናል፤ አንድ ዓይኔ ለብዙ ደቂቃ ምንም አያይልኝም። ክብደቱም ቀላል አይደለም፤ ያለ ማስደገፊያ በእጅ ይዞ መቆየት ክንድ ያዝላል። አዝራሮቹ በጓንት አይጫኑም።

ሳልጠብቀው ከሁሉ የጠቀመኝ ቪዲዮ መቅረጹ ነው። የሚያየውን ሁሉ በትንሿ የማስታወሻ ካርድ ላይ ያስቀምጣል። ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ አብረን ስናይ ካዮቲዎቹ በየሌሊቱ የሚገቡት በአንድ ቦታ መሆኑን አስተዋለ፤ ወንዙ አጠገብ፣ ጎርፍ አፈሩን ከአጥሩ ሥር ጠርጎ የወሰደበት ቦታ፣ ከአንድ ክንድ የማትሰፋ ቀዳዳ። በቀን ስንት ጊዜ አልፈንባት ሣር ሸፍኗት አላየናትም። የሽቦ መረብ ከአጥሩ ግርጌ ጋር አያይዘን ወደ ውጭ መሬት ላይ አነጠፍን፣ ድንጋይ ጫንንበት። ካዮቲ አጥር ሥር ሲቆፍር አጥሩ ግርጌ ተጠግቶ ነው የሚጀምረው፤ እግሩ ሥር መረብ ሲያገኝ ይተወዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል የገባ የለም። እስከ ዛሬ ከተተኮሰው ጥይት ሁሉ ይልቅ ያ ቪዲዮ ብዙ ግልገል አድኗል ብዬ አምናለሁ።

በሕግ በኩል ቴክሳስ ለአርቢ ትመቻለች። ካዮቲ የተከለከለ ወቅት የለውም፣ በግል መሬት ላይ በሌሊትም ይፈቀዳል፤ ከብት ሲያጠቃ፣ ሊያጠቃ ሲል ወይም በቅርቡ ያጠቃ ከሆነ የአደን ፈቃድ እንኳ አያስፈልግም። ከ2019 ወዲህ በግል መሬት ላይ በባለመሬቱ ፈቃድ የዱር አሳማ ለመግደልም ፈቃድ አይጠየቅም። አጋዘን ግን በሌሊት በፍጹም አይነካም። ቢሆንም የአካባቢውን የዱር እንስሳት ጠባቂ በስልክ ማሳወቅ ደግ ነው፤ በሌሊት ተኩስ የሰማ ጎረቤት ሲደውልለት ማን እንደሆነ ያውቃል። በሌሎች ግዛቶች ያላችሁ የግዛታችሁን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ አንዳንዱ በጠመንጃ ላይ የሌሊት መነጽር ማሰርን ራሱን ይገድባል። አገር ቤት ላለው ወንድሜ በሻንጣ ልውሰድለት የሚል ሐሳብም ተዉት። የጠመንጃ መነጽር ከአሜሪካ ሲወጣ በወጪ ንግድ ሕግ ቁጥጥር ሥር ያለ ዕቃ ነው፤ ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት ከባድ መዘዝ አለው።

ባለፈው ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ አባት፣ ከሥራ ጡረታ ወጥተው ፍየል የጀመሩ፣ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያን መነጽር ልግዛው ወይ?»

«ጋሼ፣ አጥርዎ እንዴት ነው?» አልኋቸው።

«አጥሩስ አሮጌ ነው።»

«ውሻስ አለዎት?»

«የለኝም። አህያ ግን ሰጥተውኛል፤ ትጠብቃለች ብለው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ኖሮ፣ እኔ አህያ ዘበኛ አድርጌ ልቁም?»

አህያዋን እንዳይንቋት ነገርኋቸው። እዚህ ጅብ የለም፤ ሴት አህያ ደግሞ ውሻና ካዮቲን በባሕርይዋ ስለማትወድ በጥርስና በእርግጫ ታባርራለች፤ ብዙ የቴክሳስ አርቢ ከፍየሎቹ ጋር አንድ አህያ የሚያሰማራው ለዚህ ነው። እንደ እኛው ግሬት ፒረኒስ ያለ ጠባቂ ውሻ ደግሞ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከፍየል ጋር ካደገ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። መነጽሩ ለጥቂት ሰዓት ነው የሚያገለግለው፣ ያውም ሰው ነቅቶ ከኋላው ሲቆም። አጥርና ውሻ ሳይኖር በመነጽር የተጠበቀ መንጋ አላየሁም።

ስለዚህ ለጋሼ የሰጠሁት መልስ ለሁላችሁም ይሁን። አጥራችሁ ግርጌው ከተጠናቀቀ፣ ጠባቂ እንስሳ ካላችሁ፣ ሜዳችሁ ግልጥና ርቀቱ ከመቶ ሃምሳ ሜትር ያልበለጠ ከሆነ፣ ይህን መነጽር ግዙት፤ ሁለት ሙክት ያዳነ ቀን ዋጋውን መልሷል። ቦታችሁ ጫካ ከሆነ ወይም ጉም የማይለየው ቆላማ ወንዝ ዳር ከሆነ ገንዘባችሁን ለቴርማል አጠራቅሙ። ከዘመናዊ ዕቃ መርጣችሁ ስትገዙ ተጨማሪውን የኢንፍራሬድ መብራትና ጥሩ ማስደገፊያ በሒሳቡ ውስጥ አስገቡ፤ ያለ እነርሱ ግማሽ ዕቃ ነው። የመመለሻ ጊዜው ከማለፉ በፊትም በራሳችሁ ሜዳ ላይ፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ሞክሩት፤ ሱቅ ውስጥ መብራት አጥፍቶ የሚታየው ነገር ስለ እናንተ ግጦሽ ምንም አይነግርም።